ከእብጠቱ እስከ ሕክምናው፦ በሃርለም የጡት ካንሰር ታማሚዎች ላይ የተደረገ የጉዳይ ጥናት

ዶክተር ሃሮልድ ፍሪማን እ.ኤ.አ. በ1967 በኒውዮርክ ከተማ ሃርለም ሆስፒታል ሥራ ሲጀምሩ ገና ወጣት የቀዶ ሕክምና ሐኪም ነበሩ። ዋሽንግተን ተወልደው ያደጉ፣ አባታቸውን በልጅነታቸው በካንሰር ያጡ፣ ሕክምናን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ተምረው በስሎን ኬተሪንግ የካንሰር ማዕከል የሠለጠኑ ናቸው። የመጡት ካንሰርን ቆርጠው ሊያወጡ ነበር። ሌኖክስ ጎዳና ላይ ወዳለው ወደዚያ ሆስፒታል የሚመጡት ጥቁር ሴቶች ግን ብዙዎቹ ቢላ ከሚያድንበት ጊዜ አልፈው ነበር የሚደርሱት። እብጠቱ ቆዳ ሰብሮ ወጥቷል፣ ቆስሏል፣ ይደማል። ከሰሜን አሜሪካ ትልልቅ የካንሰር ማዕከላት አንዱ በዚያው ከተማ፣ በዚያው በማንሃተን ደሴት ላይ እያለ ማለት ነው።

ሐኪሙ በዓይናቸው ሲያዩ የኖሩትን ነገር በመጨረሻ ቆጥረው አሳዩት። ከባልደረባቸው ጋር ሆነው ከ1964 እስከ 1986 በሆስፒታሉ የታከሙ 606 የጡት ካንሰር ታማሚዎችን መዝገብ አገላብጠው ውጤቱን በ1989 አሳተሙ። ሴቶቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም ጥቁርና ድሃ ነበሩ፤ ግማሽ ያህሉ የሕክምና ኢንሹራንስ አልነበራቸውም። የካንሰር ደረጃ ከዜሮ እስከ አራት ይቆጠራል፤ ቁጥሩ ሲጨምር በሽታው ገፍቷል ማለት ነው። አንደኛ ደረጃ ላይ ሳለ የተደረሰላቸው ከመቶ 6 ብቻ ናቸው። ግማሾቹ ሲመጡ ሦስተኛ ወይም አራተኛ ደረጃ ላይ ደርሶባቸው ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ በሕይወት የተገኙት ከመቶ 39 ናቸው።

እዚህ ቁጥር ላይ ትንሽ ልቆይ። በ1970ዎቹ አጋማሽ በአሜሪካ የጡት ካንሰር ከተገኘባቸው ነጭ ሴቶች ከመቶ 75ቱ አምስት ዓመት ይሻገሩ ነበር። ከጥቁር ሴቶች ከመቶ 63ቱ። በነጭና በጥቁር መካከል ያለው ርቀት 12 ነው። በአገሪቱ ጥቁር ሴቶችና በሃርለም ጥቁር ሴቶች መካከል ያለው ግን 24፣ ማለትም እጥፍ ነው። የተሰበሰቡበት መንገድና ዘመን ስለሚለያይ ቁጥሮቹ ልክ በልክ ጎን ለጎን የሚቀመጡ አይደሉም። ቢሆንም የልዩነቱ ስፋት አንድ ነገር ይናገራል፦ የሃርለሟ ሴትና የሌላው ሰፈር ጥቁር ሴት ቆዳቸው አንድ ነው፤ የሚለያዩት በኪሳቸው፣ በሚኖሩበት መንገድና በሚታከሙበት በር ነው። ዶክተር ፍሪማንም ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ሁሉ የያዙት አቋም ይኸው ነው። ዘር ሰዎች የፈጠሩት መለያ ነው፤ ሰው የሚገድለው ግን በዚያ መለያ ምክንያት የሚደርሰው ድህነትና በደል ነው ይላሉ።

ሰፈሩ

ሃርለም ሙዚቃውና ሥነ ጽሑፉ ዓለምን ያዳረሰ ሰፈር ነው። ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1958 በስለት ደረታቸውን ሲወጉ ሕይወታቸው የተረፈው በዚሁ በሃርለም ሆስፒታል ነው። ግን በ1990 ዶክተር ፍሪማን ከዶክተር ኮሊን ማኮርድ ጋር ባሳተሙት ጥናት፣ የሃርለም ጥቁር ወንድ 65 ዓመት የመድረስ ዕድሉ በዓለም እጅግ ድሃ ከሚባሉት አገሮች አንዷ ከነበረችው ከባንግላዴሽ ወንድ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ይህ በሀብታሟ አገር፣ በሀብታሙ ከተማ መካከል ነው።

አንዲት የሃርለም እናት ጡቷ ላይ እብጠት ስትዳስስ ለምን ወዲያው ወደ ሐኪም እንደማትሮጥ መረዳት የሚፈልግ ሰው የሰፈሩን ትዝታ ማወቅ አለበት። በአላባማ ተስኪጊ የመንግሥት የጤና ሠራተኞች ወደ 400 የሚጠጉ ቂጥኝ ያለባቸውን ጥቁር ወንዶች ከ1932 እስከ 1972 መድኃኒት እያለ ሳያክሙ በሽታው የሚያደርሰውን ሲመዘግቡ ኖረዋል። በባርነት የተያዙ ሴቶችን ያለ ማደንዘዣ ደጋግሞ እየቀደደ የቀዶ ሕክምና ዘዴውን ያዳበረው የጄ. ማሪዮን ሲምስ ሐውልት ደግሞ በሴንትራል ፓርክ ጫፍ፣ 103ኛው መንገድ አጠገብ፣ ለምሥራቅ ሃርለም ቅርብ በሆነ ቦታ እስከ ሚያዝያ 2018 ቆሞ ነበር። ከዚያ ሰፈር ወደ ሆስፒታል የምትሄድ ሴት በዚያ ሐውልት ሥር ልታልፍ ትችል ነበር። ሐኪምን አለማመን መሃይምነት ነው የሚሉ ሰዎች ሲያጋጥሙኝ ይህን ሐውልት አስታውሳለሁ።

ነጻ ምርመራ ብቻውን አልበቃም

በ1979 በሃርለም ያለ ክፍያ ጡት የሚመረመርባቸው ማዕከላት ተከፈቱ። ሐሳቡ ቀላልና ትክክል ነበር፦ ገንዘብ እንቅፋት ከሆነ ገንዘቡን እናንሳ። ሴቶች መጡ፤ ማሞግራም፣ ማለትም የጡት ራጅ ተነሡ፤ እብጠትም ተገኘ። ከዚያ በኋላ ግን ያልተጠበቀ ነገር ታየ። አጠራጣሪ ነገር የተገኘባቸው ሴቶች የሚቀጥለው ቀጠሮ ላይ ይጠፋሉ። ናሙና ተወስዶ ካንሰር መሆን አለመሆኑ ሳይረጋገጥ ወራት ያልፋሉ። ጥቂቶቹ ዓመት ቆይተው እብጠቱን አስፍተው ይመለሳሉ።

ለእኔ የዚህ ጉዳይ ቁልፉ እዚህ ላይ ነው። ስለ ጡት ካንሰር የሚነገረን ትምህርት ሁሉ «ቶሎ ተመርመሪ» የሚል ነው። የሃርለም ሴቶች ተመርምረው ነበር። ይሞቱ የነበሩት በምርመራውና በሕክምናው መካከል ባለው መንገድ ላይ ነው።

መንገዱ ምን እንደሚመስል ለማየት አንዲት ሴት እናስብ። ሰው ቤት እያጸዳች ወይም አረጋውያንን እየተንከባከበች የምትኖር፣ በቀረችበት ቀን የማይከፈላት፣ ሁለት ልጆች ያሏት ሴት። ጡቷ ላይ እብጠት አገኘች፤ አያማትም። ድንገተኛ ክፍል ሄዳ ግማሽ ቀን ወረፋ ጠበቀች። «ይህ ድንገተኛ አይደለም፤ ሜዲኬድ አውጥተሽ ወደ ክሊኒኩ ሂጂ» ተባለች። ሜዲኬድ መንግሥት ለድሆች የሚሰጠው የሕክምና ሽፋን ነው። ቢሮው ሄደች፤ የልደት ወረቀት፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የደመወዝ ማስረጃ አምጪ አሏት። ሌላ የሥራ ቀን አቃጥላ ይዛ ሄደች። ገቢዋ ከተቀመጠው ጣሪያ በትንሽ በለጠና ተከለከለች። ለድሃ ተብሎ ለተሠራው በጣም ሀብታም ናት፤ ኢንሹራንስ ለመግዛት ደግሞ በጣም ድሃ። እብጠቱ አያማትም። ልጆቹ ትምህርት ቤት መድረስ አለባቸው። ኪራይ ደርሷል። ስድስት ወር አለፈ።

ይህች ሴት በሐሳብ የሳልናት ናት፤ የደረሰባት ግን የተፈጠረ አይደለም። ዶክተር ፍሪማን የአሜሪካ ካንሰር ማኅበር ፕሬዚዳንት በነበሩበት ወቅት ማኅበሩ በተለያዩ የአገሪቱ ከተሞች እየዞረ ካንሰር የያዛቸው ድሆች ራሳቸው ቀርበው እንዲናገሩ አደረገ። ጥቁሩ፣ ነጩ፣ የላቲን አሜሪካ ተወላጁ፣ የአገሬው ነባር ሕዝብ ሁሉ ቀረበ። በ1989 የወጣው ዘገባ የተናገሩትን በጥቂት ነጥብ ሰብስቦታል። ድሆች ሕክምና ለማግኘት ሲሞክሩ ብዙ እንቅፋት ያገኛቸዋል፤ መክፈል እንደማይችሉ ካወቁ መፈለጉንም ይተዉታል። የታከሙትም ለቤተሰቡ የሚያስፈልገውን ሁሉ ሠውተው ነው። ብዙዎች ካንሰር ማለት ሞት ነው ብለው ተስፋ ቆርጠዋል። የጤና ትምህርቱ የእነሱን ኑሮ የሚያውቅ ሰው ያዘጋጀው አይመስልም። ሲሞቱም ከሌላው ይልቅ ተሰቃይተው ይሞታሉ።

መንገድ መሪዎቹ

በ1990 ሃርለም ሆስፒታል ውስጥ አዲስ ሥራ ተጀመረ። በእንግሊዝኛው «ፔሸንት ናቪጌተር» ይባላሉ፤ እኔ መንገድ መሪዎች እላቸዋለሁ። ገንዘቡን የሰጠው የካንሰር ማኅበሩ ነው። መንገድ መሪዎቹ ሐኪሞችም ነርሶችም አልነበሩም፤ ሰፈሩን የሚያውቁ፣ ቋንቋውን የሚናገሩ፣ ከእነዚያ ሴቶች ጋር በአንድ ቤተ ክርስቲያን የሚጸልዩና በአንድ ገበያ የሚገበያዩ ዓይነት ሰዎች ነበሩ።

ሥራቸው የሚጀምረው ማሞግራሙ ወይም የሐኪሙ እጅ አንድ የሚያሳስብ ነገር ባገኘበት ቅጽበት ነው። ሴትዮዋ ወረቀት ተሰጥቷት ከምትሸኝ ይልቅ መንገድ መሪዋ ወስዳ ታስቀምጣታለች፤ «የሚቀጥለው ቀጠሮሽ ላይ እንዳትመጪ የሚያደርግሽ ምን አለ?» ብላ ትጠይቃታለች። መልሱ ብዙ ጊዜ ስለ ካንሰር አይደለም። ልጅ የሚይዝልኝ የለም። አለቃዬ ፈቃድ አይሰጠኝም። የባቡር መሳፈሪያ የለኝም። ሐኪሙ ያለው አልገባኝም፤ መልሼ ለመጠየቅ ደግሞ አፈርኩ። እናቴን ቀድደዋት ነው የሞተችው፤ ካንሰር ቢላ ሲነካው ይበተናል ይባላል። መንገድ መሪዋ አንድ በአንድ ትይዘዋለች። ቅጹን አብራት ትሞላለች። ክሊኒኩ ስልክ ደውላ ቀጠሮውን ታስቀድማለች። በቀጠሮው ዋዜማ ትደውላለች። ያን ቀን በሩ ላይ ትጠብቃታለች። ሐኪሙ ሲናገር አጠገቧ ትቀመጥና ሲወጡ ያለውን በሚገባት ቃል ትደግምላታለች። ካስፈለገም ከሞት የተረፈችውን፣ ዛሬ በሰፈሩ የምትመላለሰውን የቀድሞ ታማሚ ታገናኛታለች።

ይህ ሥራ በወረቀት ሲጻፍ ቀላል ይመስላል። ምን ያህል እንደሚሠራ ለማየት የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ውጤት እንመልከት። አጠራጣሪ ነገር ከተገኘባቸው ሴቶች መንገድ መሪ የነበራቸው ከመቶ ከ85 በላይ ባዮፕሲውን፣ ማለትም የናሙና ምርመራውን አደረጉ። መንገድ መሪ ካልነበራቸው ያደረጉት ከመቶ 57 ገደማ ናቸው። ካደረጉት ውስጥ በጊዜው ያደረጉት ደግሞ መንገድ መሪ ከነበራቸው ከመቶ 71፣ ካልነበራቸው ከመቶ 39 ገደማ ናቸው። በሁለቱ መካከል አዲስ መድኃኒትም አዲስ መሣሪያም የለም። ያለው ሰው ነው።

ከዚያ በኋላ ሆስፒታሉ እንደገና ቆጠረ። ከ1995 እስከ 2000 ሃርለም ሆስፒታል ያያቸው ከ320 በላይ የጡት ካንሰር ታማሚዎች ተጠኑ፤ ውጤቱ በ2003 ታተመ። በጅምሩ፣ ማለትም በዜሮና በአንደኛ ደረጃ ላይ የተገኙት ከመቶ 41 ሆነዋል። ዘግይተው በሦስተኛና በአራተኛ ደረጃ የመጡት ከግማሽ ወደ ከመቶ 21 ወርደዋል። አምስት ዓመት የተሻገሩት ከመቶ 70 ደርሰዋል። 39 የነበረው 70። ሰፈሩ ያው ነው፤ ሴቶቹ ያው ድሆች ናቸው።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ይገባል፤ ጉዳዩን የምወደው ስለሆነ ጥያቄውን ማለፍ አልፈልግም። ይህ ለውጥ በሙሉ የመንገድ መሪዎቹ ሥራ ነው ማለት አይቻልም። በሁለቱ ጥናቶች መካከል ሕክምናው ራሱ ተሻሽሏል፤ ታሞክሲፈን የሚባለው እንክብልና ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚሰጠው ኬሞቴራፒ በስፋት የተሠራባቸው ዓመታት ናቸው። ማሞግራም ሲበዛም ገና ወደ አካባቢው ያልተሠራጩ ዜሮ ደረጃ ላይ ያሉ ካንሰሮች ስለሚገኙ የመጀመሪያ ደረጃዎቹ ድርሻ ከፍ ይላል። በሽታ ቀድሞ ሲታወቅ ደግሞ ታማሚዋ ከታወቀላት በኋላ የምትኖርባቸው ዓመታት በቁጥር ይረዝማሉ፤ ዕድሜዋ ባይጨምርም እንኳ። በጥናቱም መንገድ መሪ ያላገኘ ሌላ ሃርለም ለማነጻጸሪያ አልነበረም። እኔ የምለው ይህን ነው፦ ነጻ ምርመራ ብቻውን በነበረበት ዘመን ሴቶቹ ይጠፉ ነበር፤ ነጻ ምርመራና መንገድ መሪ አንድ ላይ ሲሆኑ አልጠፉም። ባዮፕሲውን ያደረጉትና ያላደረጉት ሴቶች ልዩነት ደግሞ ከታሞክሲፈን ጋር ምንም አያገናኘውም።

በኋላም የብሔራዊ ካንሰር ኢንስቲትዩት ከ10,000 በላይ ሰዎችን ያሳተፈ ጥናት በብዙ ከተሞች አካሄደ። የተገኘው ነገር ሃርለምን የሚያውቅ ሰው የሚጠብቀው ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት መንገድ መሪ ባላቸውና በሌላቸው መካከል ብዙ ልዩነት አልታየም፤ ምክንያቱም እንቅፋት የሌለበት ሰው ያኔ ራሱ ይደርሳል። ልዩነቱ የታየው ከ90 ቀን በኋላ፣ በቀሩት ሰዎች ላይ ነው። ጥቅሙም ሰው ይበልጥ በሚዘገይባቸው ቦታዎች ጎልቶ ታየ። መንገድ መሪ ለሁሉም እኩል የሚያስፈልግ አይደለም ማለት ነው፤ መንገዱ ለጠፋባቸው ነው።

ሕጉና ገንዘቡ

ከሃርለም የተማረው ነገር ወደ ሕግ ሲገባ ዓመታት ፈጅቷል። በ1990 የአሜሪካ ኮንግረስ ኢንሹራንስ የሌላቸው ድሃ ሴቶች የጡትና የማኅፀን በር ካንሰር ምርመራ በነጻ እንዲያገኙ ሕግ አወጣ። ሕጉ ምርመራውን ይከፍላል፤ ሕክምናውን ግን አይከፍልም ነበር። በመንግሥት ገንዘብ «ካንሰር አለብሽ» ተብላ የምትታከምበት ያጣች ሴት ነበረች ማለት ነው። ክፍለ ግዛቶች እነዚህን ሴቶች በሜዲኬድ እንዲያሳክሙ የሚፈቅደው ሕግ የወጣው በ2000 ነው፤ አሥር ዓመት ቆይቶ። ይህን ስጽፍ እስካሁን ያናድደኛል። ሃርለም በ1979 የተማረችውን ዋሽንግተን ዘግይታ ነው የሰማችው።

በ2005 ፕሬዚዳንት ጆርጅ ቡሽ ለመንገድ መሪዎች ለአምስት ዓመት 25 ሚሊዮን ዶላር የሚፈቅድ ሕግ ፈረሙ። ሃርለም ውስጥም በ2003 የራልፍ ሎረን የካንሰር ማዕከል በዶክተር ፍሪማን መሪነት ተከፍቶ ሥራው ከሆስፒታሉ ወደ ሰፈሩ ወጣ። ዛሬ የካንሰር ማዕከላት ዕውቅና ለማግኘት የታማሚን እንቅፋት የሚያነሣ አሠራር እንዳላቸው ማሳየት ይጠበቅባቸዋል።

የደም ጉዳይ ነው ለሚሉ

ይህን ታሪክ ስናነሣ ሁልጊዜ የሚነሣ ጥያቄ አለ፦ ጥቁር ሴቶችን የሚይዛቸው ካንሰር ራሱ የከፋ አይደለም ወይ? ከፊል እውነት አለው። ትሪፕል ኔጋቲቭ የሚባለው፣ በሆርሞን መድኃኒት የማይመለሰውና ቶሎ የሚያድገው የጡት ካንሰር ዓይነት በአሜሪካ ጥቁር ሴቶች ላይ በነጮቹ ላይ ከሚገኘው በእጥፍ ገደማ ይገኛል። በለጋ ዕድሜም ይመጣል። ይህን መካድ ለሴቶቹ አይጠቅምም፤ እንዲያውም መዘግየት ለእነሱ ይበልጥ የሚገድል መሆኑን ነው የሚያሳየው።

ግን እዚህ ላይ የእኛ አገር ሴቶች ወደ ታሪኩ ይገባሉ። የጋናን፣ የኢትዮጵያንና የአሜሪካን ታማሚዎች ጎን ለጎን ያየ ጥናት፣ ያ ክፉ ዓይነት ካንሰር ከጋና ታማሚዎች በግማሽ ያህሉ ላይ ሲገኝ ከኢትዮጵያውያኑ የተገኘው ከመቶ 15 ገደማ ላይ መሆኑን አሳየ፤ ይህ ከነጭ አሜሪካውያን ጋር የሚቀራረብ ነው። እንግዲህ «ጥቁር» የሚለው ቃል በሆስፒታል ቅጽ ላይ አንድ ሳጥን ቢሆንም በውስጡ ያለው ደም ብዙ ነው። አዲስ አበባ ላይ ሴቶቻችን ዘግይተው መጥተው የሚሞቱት በዚህ በደም ምክንያት አይደለም። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት በአገሪቱ ብቸኛው የጨረር ሕክምና መስጫ ነበር፤ ተራው በወራት የሚቆጠር ነበር። ከክፍለ አገር የመጣች ሴት ካርድ አውጥታ፣ ዘመድ ቤት አርፋ፣ ቀጠሮ እየጠበቀች ገንዘቧ ያልቃል። ሃርለም ላይ ያየነው መንገድ ነው፤ ቢሮውና ቋንቋው ብቻ ይለያያል።

በባሕር ማዶ ያለችው ሐበሻ ሴት ደግሞ ሁለቱንም ትሸከማለች። በዋሽንግተን አካባቢ፣ በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ የምትኖር እናት ቅጹ ላይ «ጥቁር» ተብላ ትመዘገባለች፤ ሐኪሙ የሚናገረው ግን አይገባትም። ልጇ ከትምህርት ቤት ቀርታ ትተረጉምላታለች። የ12 ዓመት ልጅ «እማዬ፣ ካንሰር ነው ይላል» ብላ እንድትነግር ማድረግ ለልጅቷም ለእናትየዋም ከባድ በደል ነው። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ሁሉ ያለ ክፍያ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ልጆችንም ለዚህ ሥራ መጠቀም ከድንገተኛ ሁኔታ በቀር አይፈቀድለትም። ብዙዎቹ እናቶቻችን ይህን አያውቁም፤ «አላስቸግራቸው» ብለውም ዝም ይላሉ። አንዲት ጎረቤት ወይም የማኅበር እኅት አብራ ሄዳ «አማርኛ አስተርጓሚ እንፈልጋለን» ብትል የቀኑ ውጤት ይለወጣል። መንገድ መሪ ማለት ይህ ነው።

እድራችን ሰው ሲሞት ድንኳን ለመትከልና ለቀስተኛ ለማስተናገድ ማንም አይወዳደረውም። ያ ሁሉ ሰው፣ ያ ሁሉ ገንዘብ፣ ያ ሁሉ ፍቅር ከቀብሩ በፊት ስድስት ወር ቀደም ብሎ ቢመጣ፣ አንዷ ልጆቹን ብትይዝ፣ አንዷ መኪና ብትነዳ፣ አንዷ ቀጠሮ ብትጽፍ፣ ማለቴ ነው። ይህ እንዲሆን ግን ታማሚዋ መናገር አለባት፤ እኛ ደግሞ የጡት በሽታን እንደ ነውር ደብቀን የመያዝ ልማድ አለን። ጠበል የምትሄድ ሴት ስታጋጥመኝ «ተይ» አልላትም። ጠዋት ጠበል፣ ከሰዓት በኋላ ባዮፕሲ መሄድ ትችላለች፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ካህናቱም ይህን ቢሏት ከእኔ ይልቅ ትሰማቸዋለች።

ግሪንስቦሮ

ሃርለም ያስተማረችውን አንድ እርምጃ ያስኬደው በኖርዝ ካሮላይና ግሪንስቦሮ ከተማና በፒትስበርግ የተካሄደው ሥራ ነው። በግሪንስቦሮ የሰፈር ነዋሪዎች፣ ሐኪሞችና ተመራማሪዎች አንድ ላይ ተቀምጠው ነው ያዘጋጁት። የጨመሩት ነገር አንድ የኮምፒውተር ማንቂያ ነው፦ ታማሚዋ ከቀጠሮዋ ስትቀር ወይም የሕክምናዋ አንዱ ደረጃ ሲዘገይ ማንቂያው ይጮሃል፤ መንገድ መሪዋም ታያለች፤ ትደውላለች። ከዚህ ጋር ሐኪሞቹ የየራሳቸውን ነጭና ጥቁር ታማሚዎች ውጤት በቁጥር እንዲያዩ ተደረገ። በ2019 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው፣ ቀድሞ ገና በጅምሩ የጡት ወይም የሳንባ ካንሰር ከተገኘባቸው ሕክምናቸውን የጨረሱት ከጥቁሮቹ ከመቶ 80 ገደማ፣ ከነጮቹ 87 ነበሩ። ከሥራው በኋላ 88 እና 89 ገደማ ሆኑ። ልዩነቱ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም፤ የነጮቹም ከፍ አለ እንጂ አልወረደም። «ለጥቁሮች ካደላችሁ እኛ ይጎድልብናል» ለሚል ሰው መልሱ እዚያ አለ።

ያም ሆኖ በአገር ደረጃ ገና ነው። ዛሬም በአሜሪካ ጥቁር ሴት በጡት ካንሰር የመያዝ ዕድሏ ከነጯ በ5 በመቶ ገደማ ሲያንስ የመሞት ዕድሏ በ40 በመቶ ገደማ ይበልጣል። ከ50 ዓመት በታች ባሉት ላይ ደግሞ የሞቱ መጠን እጥፍ ነው። በ2024 ምርመራውን የሚመሩት የአሜሪካ ባለሙያዎች ማሞግራም ከ40 ዓመት ጀምሮ በየሁለት ዓመቱ ይሁን አሉ፤ ከዚያ በፊት የሚሉት 50 ነበር። ለእነዚህ ሴቶች አሥር ዓመት ብዙ ነው። በዚያው ዓመት በጥር ወር ሜዲኬር የሚባለው የመንግሥት የአረጋውያን የሕክምና ሽፋን ለመንገድ መሪዎች ሥራ በወር 60 ደቂቃ እየቆጠረ መክፈል ጀመረ፤ ከ1990 ጀምሮ በእርዳታ ገንዘብ የኖረው ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሕክምና ዋጋ ወጣለት። ሜዲኬር ግን በዋናነት የሚሸፍነው 65 ዓመት የሞላቸውን ነው። የ42 ዓመቷ፣ ልጆቿን ትምህርት ቤት አድርሳ ሥራ የምትሮጠው እናት ሜዲኬር የላትም። ለእሷ መንገድ መሪ የሚቀጥረው እንደየክፍለ ግዛቱ ሜዲኬድ፣ እንደየሆስፒታሉ በጎ ፈቃድና እንደየሰፈሩ ሴቶች ይለያያል።